ሬስቶራንት ለመክፈት ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይስ ቨርጂኒያ? የሠራተኛውን ወጪ አስልታችሁ ምከሩን

አዲስ ከፋች | ኖቬምበር 2025

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና የአክስቴ ልጅ ትንሽ የሀበሻ ሬስቶራንት ልንከፍት ነው። ሦስት ቦታ አይተናል። አንዱ ዲሲ፣ ዩ ስትሪት አካባቢ ነው። አንዱ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛው ቨርጂኒያ ቤይሊስ ክሮስሮድስ። ትራፊክ ከሌለ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሕጉ ግን የሦስት አገር ሕግ ይመስላል።

ኪራዩን አወዳድረናል። ያልገባን የሠራተኛው ወጪ ነው። አንዱ «ዲሲ የሠራተኛ ሕጉ ይጨርስሃል፣ ቨርጂኒያ ግባ» ይለናል። ሌላው «ቨርጂኒያ በዚያ ክፍያ ማን ይሠራልሃል» ይላል። በሥራው ላይ ያላችሁ እስቲ በቁጥር አስረዱን። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

ሒሳብ ሠሪው

በቁጥር ከሆነ እንግባበት።

ዲሲ ሚኒመም ዌጁ (በሕግ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ) ከጁላይ 2025 ጀምሮ በሰዓት 17.95 ዶላር ነው። ቲፕ (ጉርሻ) ለሚቀበል አስተናጋጅ አሠሪው የሚከፍለው መነሻ 10 ዶላር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ስለሆነ የሜሪላንድን 15 ዶላር ሳይሆን የካውንቲውን ነው የምትከፍለው። እስከ 10 ሠራተኛ ላለው ቤት 15.50፣ ከ11 እስከ 50 ላለው 16 ዶላር ነው። የአስተናጋጁ መነሻ 4 ዶላር። ቨርጂኒያ በ2025 12.41፣ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 12.77 ነው። እዚያ ያለው የአስተናጋጅ መነሻ የፌዴራሉ 2.13 ነው። ይቺ 2.13 ከ1991 ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም።

አሁን አራት አስተናጋጅ አለህ እንበል። እያንዳንዳቸው በሳምንት 30 ሰዓት ይሠራሉ። ዲሲ 1,200 ዶላር ትከፍላለህ። ሲልቨር ስፕሪንግ 480። ቨርጂኒያ 255 ዶላር ከምናምን። በዲሲና በቨርጂኒያ መካከል በዓመት 49,000 ዶላር ገደማ ልዩነት ነው። ይሄ ገና የመመገቢያው ክፍል ብቻ ነው። ወጥ ቤቱን አልነካንም።

በዚህ ላይ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻህ 7.65 ከመቶ አለ። እሱ የትም ብትሄድ አይቀርልህም። በቲፑም ላይ ጭምር ነው የምትከፍለው። ዲሲ ደግሞ የፔይድ ሊቭ (የሚከፈልበት የወሊድና የሕመም ፈቃድ) ታክስ አለ። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከደሞዙ 0.75 ከመቶ ሆኗል። ከሠራተኛው አይቆረጥም፣ ሙሉውን አሠሪው ነው የሚከፍለው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። 2.13 ማለት አስተናጋጇ 2.13 ይዛ ቤቷ ትገባለች ማለት አይደለም። ሳምንቱ ጭር ብሎ መነሻዋና ቲፑ ተደምረው ሚኒመም ዌጅ ካልሞሉ፣ ጎዶሎውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ብዙ የእኛ ሰው ይሄን አያውቅም። ወይም እንደማያውቅ ይሆናል። በኋላ በክስ ሲመጣ የሁለት የሦስት ዓመት ተደምሮ ነው የሚመጣው።

ዘግቼ የወጣሁ

ዲሲ ውስጥ ለዓመታት ሠርቼ ነው የዘጋሁት። ስለዚህ ከልቤ ልንገራችሁ።

ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ኢኒሼቲቭ 82 ነው የሚቀስረው፣ የዲሲን አስተናጋጅ መነሻ ደረጃ በደረጃ ከሚኒመም ዌጁ እኩል ሊያደርግ ወደ ወጣው ሕግ። ታሪኩ ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል። በ2018 ተመሳሳይ ሕግ፣ ኢኒሼቲቭ 77፣ በሕዝብ ድምፅ አለፈ። የዲሲ ካውንስል በዚያው ዓመት ሰረዘው። በኖቬምበር 2022 ሕዝቡ 82ን በሰፊ ድምፅ እንደገና አሳለፈ። የአስተናጋጅ መነሻ ከ5.35 ተነስቶ በሜይ 2023 ወደ 6፣ በጁላይ ወደ 8፣ በጁላይ 2024 ወደ 10 ገባ። በ2025 12 ሊሆን ሲል ካውንስሉ በጁን አስቆመው። በጁላይ መጨረሻ ደግሞ ተደራድረው እስከ 2026 አጋማሽ 10 ላይ ይቆይ አሉ። ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ እያደገ በ2034 የሚኒመም ዌጁ 75 ከመቶ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ሕዝቡ የመረጠው መቶ ከመቶ ነበር።

ለኔ ክፉው ነገር የብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። መለዋወጡ ነው። የአምስት ዓመት ሊዝ ፈርመህ የሠራተኛ ወጪህ በሚቀጥለው ጁላይ ስንት እንደሚሆን የማታውቅበት ሥራ ምን ሥራ ነው? ያልፋል ትባላለህ፣ ይሰረዛል ትባላለህ፣ ይዘገያል ትባላለህ። ሜኑ ማተም ራሱ ፈራሁ።

ግን እውነቱን ለመናገር የዘጋኝ ደሞዝ አይደለም። ኪራይ ነው። ዩ ስትሪት አካባቢ ድሮ ማንም የማይፈልገውን ሕንጻ እኛ ነን ሰው ያስገባንበት። ሰፈሩ ሲደምቅ ሊዝ ማደሻው ደረሰና ባለሕንጻው የጠራውን ዋጋ ስሰማ ካልኩሌተር አላስፈለገኝም። የደሞዙ ጭማሪ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ «82 ነው የዘጋኝ» ማለት ይቀል ነበር። እሱን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፣ አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ግን አይደሉም።

አስተናጋጅ ነኝ

ባለቤቶቹ ሲያወሩ እኛ ወጪ ነን አይደል? እኔም ላውራ እንግዲህ።

ዲሲ ነው የምሠራው። መነሻው 10 ሲገባ ተደሰትን። ቼኬ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ብር መጣ። ድሮ ታክሱ ተቆርጦ ዜሮ የተጻፈበት ወረቀት ነበር የሚሰጡን። ከዚያ ምን ሆነ? ቤቱ ሰርቪስ ቻርጅ 20 ከመቶ ደረሰኝ ላይ ጨመረ። ደረሰኙን አስቡት። ታች በትንሹ «ሰርቪስ ቻርጅ» ይላል፣ ከሱ በታች «ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ደንበኛው 20ውን ሲያይ የኔ ይመስለዋል። ባዶውን ሰርዞ፣ ፈገግ ብሎ «በጣም እናመሰግናለን» ብሎኝ ይወጣል። 20ው የቤቱ ነው። ከሱ ለኛ የሚደርሰን ምን ያህል እንደሆነ አለቃው ያውቃል።

ሰዓትም ተቀነሰ። ማክሰኞና ረቡዕ ሁለት የነበርነው አንድ ሆንን። በወር ስደምረው ከድሮው ትንሽ በልጦ ነው የተገኘው፣ ድካሙ ግን እጥፍ ነው።

እንዲህም ሆኖ ወደ ድሮው አልመለስም። ለምን ብትሉኝ ቼክ ያለው ሰው አፓርትመንት ይከራያል፣ መኪና ይገዛል። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የሥራ አጥ ክፍያ ስንጠይቅ ያየሁትን አልረሳም። መንግሥት በላዩ ላይ በሳምንት 600 ዶላር ሲጨምር፣ ወረቀት ላይ ገቢዋ የሚታይ ልጅ አገኘች። በካሽ ስትሠራ የኖረችው ጓደኛዬ ግን እንደሠራች ማስረዳት አቃታት። ያኔ በካሽ የሚከፍሏት አሠሪ «ላንቺ ብዬ ነው፣ ታክስ እንዳይቆረጥብሽ» ነበር የሚሏት።

ሒሳብ ሠሪው

እህቴ ያነሳሽው የሰርቪስ ቻርጅ ጉዳይ በታክስም ይለያያል። ቤቱ አስገድዶ የሚጨምረው በአይአርኤስ (በፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ዓይን ቲፕ አይደለም። የቤቱ ገቢ ነው፣ ለሠራተኛ ሲከፋፈል ደግሞ ደሞዝ ነው። በጁላይ 2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከ2025 እስከ 2028 በዓመት እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ ቲፕ ከገቢ ግብር እንዲቀነስ ፈቅዷል። ደንበኛው በፈቃዱ የሰጠው ብቻ ነው የሚቆጠረው። ሰርቪስ ቻርጅ አይገባበትም። የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ተቀናሽም በቲፑ ላይ እንዳለ ይቀጥላል። «ቲፕ ላይ ታክስ ቀረ» ብሎ የሚያወራውን ሰው በሙሉ አትመኑ።

ስለዚህ አዲስ ከፋች፣ ሰርቪስ ቻርጅ ልትጥል ካሰብክ ከሠራተኞችህ ጋር ቀድመህ ተነጋገር። ጎበዞቹ አስተናጋጆች ይሄን ሒሳብ ካንተ ቀድመው ይሠሩታል።

የልጆች እናት

እየተከታተልኩ ነው። በርቱ።

ጋሽ ቨርጂኒያ

እኔ አሌክሳንድሪያ ነው ያለሁት። «ቨርጂኒያ ግቡ» ከሚሉት አንዱ ነኝ። ግን 12.41 የሚለውን ቁጥር አይታችሁ እንዳትጎመጁ። በዚያ ዋጋ እንጀራ ጋጋሪ አምጡና አሳዩኝ! ወጥ ቤት የምትችል ሴት በሰዓት ከ18 በታች አትነሳም፣ ልክ ናት። ድልድዩን ተሻግራ ዲሲ ብትሄድ ሰሃን አጣቢው 17.95 ያገኛል። ገበያው ሕጉን ከቀደመው ቆይቷል። ሕጉ የሚጠቅመኝ አስተናጋጅ ላይ ብቻ ነው።

የኔ ራስ ምታት ሌላ ነው። ሠራተኛ አለኝ፣ ሰዓት መጨመር እፈልጋለሁ፣ እሷ ግን እምቢ ትላለች። «ጋሼ፣ ሰዓት አይጨምሩብኝ፣ ሜዲኬይዴ ይቋረጣል» ትለኛለች፣ ገቢው ዝቅ ላለ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን የጤና ሽፋን ማለቷ ነው። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ተቆጣሁ። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወስዳለች። ሰዓት ጨምራ የምታገኘው ብር መድኃኒቷን አይችልም። እኔ ደግሞ ለስምንት ሠራተኛ የጤና ኢንሹራንስ መግዛት አልችልም። እንግዲህ ጥሩ ሠራተኛዬ ቤቷ ተቀምጣ እኔ ቅዳሜ ማታ ሰው እለምናለሁ። ይሄ የማን ጥፋት ነው?

ሒሳብ ሠሪው

ጋሼ፣ ልጅቷ ሒሳቧን በደንብ ነው የሠራችው። ቨርጂኒያ ከ2019 ጀምሮ ሜዲኬይድን አስፍታለች። ጣሪያው የፌዴራሉ የድህነት መስመር 138 ከመቶ ነው። ለብቻው ለሚኖር ሰው በ2025 ዓመታዊው 21,597 ዶላር ነው። በወር 1,800 አካባቢ ማለት ነው። በ12.41 ሲካፈል በሳምንት 33 ሰዓት ይሆናል። 34ኛው ሰዓት ያወጣታል። እርስዎ 18 ከከፈሏት ደግሞ 23 ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ደሞዟ በጨመረ ቁጥር ለርስዎ የምትሰጠው ሰዓት ያንሳል።

ከጣሪያው ያለፈ ሰው በኦባማኬር ገበያ ኢንሹራንስ በግሉ ይገዛል። ተጨማሪው የፌዴራል ድጎማ ግን እስከ 2025 መጨረሻ ብቻ ነው። ለ2026 የሚመዘገብ ሰው የሚመጣበትን ቢል አይቶ መደንገጡ አይቀርም። ስለዚህ ፍርሃቷ ባዶ ፍርሃት አይደለም።

አንድ ነገር ግን ለሁላችሁም። ብዙ እናቶች «ልጆቼ ካርዳቸውን ያጣሉ» ብለው ሰዓት ይቀንሳሉ። የልጆች ጣሪያ ከወላጅ በጣም ይርቃል። ቨርጂኒያ 205 ከመቶ፣ ሜሪላንድ 322 ከመቶ ነው። እናትየው ብትወጣ እንኳ ልጆቹ ሊቆዩ ይችላሉ። ሰዓት ከመቀነሳችሁ በፊት ጠይቁ።

ዲሲ ደግሞ በዚህ ረገድ ለጋስ ነበረች። ከድህነት መስመሩ እጥፍ በላይ የሚያገኝ አዋቂ ሳይቀር ሜዲኬይድ ያገኝ ነበር። አሁን ግን ጣሪያው ወደ 138 ከመቶ ወርዷል። የዲሲ ባለሬስቶራንት ጋሽ ቨርጂኒያ ያሉትን ጥያቄ ከአሁን በኋላ መስማቱ አይቀርም።

ባለ ሱቁ

ይቅርታ፣ ከሬስቶራንት ትንሽ ልውጣ። የሀበሻ ግሮሰሪ አለኝ። ስለ ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ መግዣ ድጎማ ካርድ) ሲወራ ሁሉም ሰው የሚያስበው ተቀባዩን ብቻ ነው። እኔ ጋ ካርዱ ሲጫር የሚገባው ብር የኔ ሠራተኛ ደሞዝ ነው። እንጀራው፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ በርበሬው በካርዱ ይሸጣል። ትኩስ ምግብ ስለማይፈቀድ ሬስቶራንት አይነካውም፣ ሱቅን ግን ይነካል።

የፌዴራል መንግሥቱ ተዘግቶ ስለነበር የኖቬምበር 2025 ክፍያ ሲዘገይ በመጀመሪያው ሳምንት ቅዳሜ ሱቁ ባዶ ነበር። እንጀራ የሚያመጣልኝን ሰው «ግማሹን አምጣ» አልኩት። እሱ ደግሞ ጋጋሪዎቹን ቀን ቀነሰባቸው። ካርዱ የተቋረጠው ሌላ ሰው ላይ፣ ሰዓቱ የተቀነሰው ሌላ ሰው ላይ። ጋጋሪዎቹ ፉድ ስታምፕ ተቀብለው አያውቁም።

የባሰው ግን የጁላይ 2025ቱ የፌዴራል ሕግ ነው። ጥገኝነት ያገኘና ስደተኛ ሆኖ የገባ ሰው ግሪን ካርድ እስኪይዝ ፉድ ስታምፕ እንዳያገኝ ተደርጓል። የኔ አዲስ ደንበኞች እነሱ ናቸው። እንደ መጡ፣ ሥራ ሳይይዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እንጀራ ነው።

ዴይ ኬር አለኝ

ባለ ሱቁ ያለውን እኔም ልጨምርበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ውስጥ ዴይ ኬር ነው የምሠራው። በዚህ ሰፈር እንደኔ ፈቃድ አውጥተው ልጅ የሚይዙ ሀበሻ ሴቶች ብዙ ነን። ግማሾቹ ልጆቼ የሚከፈልላቸው በስቴቱ ቮቸር ነው። ሜሪላንድ ከሜይ 2025 ጀምሮ አዲስ ተመዝጋቢ መቀበል አቆመች። ነባሮቹ ይቀጥላሉ፣ አንድ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ ግን በቦታው የሚተካ ቮቸር ያለው ልጅ የለም።

እናቶቹ ማን ይመስሏችኋል? አስተናጋጅ፣ ሆም ኬር ሠራተኛ፣ ሆቴል አልጋ አንጣፊ። ቮቸር ካላገኘች ልጇን ይዛ ቤት ትቀመጣለች። አዲስ ከፋች የሚፈልገው የምሽት አስተናጋጅ እሷ ነበረች። እኔም ረዳቴን በሳምንት ሦስት ቀን አድርጌያታለሁ። እንግዲህ እዚህ «ዌልፌር ሰውን ያሰንፋል» የምትሉ ካላችሁ ቤቴ ጠዋት ስድስት ተኩል ላይ መጥታችሁ ልጆቻቸውን ጥለው እየሮጡ የሚሄዱትን እዩ።

ተራ ሰው

ማንም እዚህ ሰውን ያሰንፋል አላለም እኮ እህቴ። ግን እያወቅን አንሸፋፍን። ሙሉ ቀን እየሠሩ፣ በካሽ እየተከፈሉ፣ በሜዲኬይድና በፉድ ስታምፕ ላይ ያሉ ሰዎች አሉ። ደሞዛቸውን በሙሉ በወረቀት አድርጎ ታክስ የሚከፍለው ባለቤት እነዚህን የሚቀጥረው ጋር እንዴት ይወዳደር? ስለ ሕጉ ስናወራ ይሄም ይነሳ።

ዘግቼ የወጣሁ

ተራ ሰው ልክ ነህ። እኔ ሁሉንም በፔይሮል ስከፍል ጎረቤቴ ግማሹን በእጅ ይሰጥ ነበር። ክትፎው ከኔ ሦስት ዶላር ይረክሳል። ደንበኛው «ያኛው ቤት ርካሽ ነው» ይላል፣ ምክንያቱን አይጠይቅ። ካውንስሉ ሚኒመም ዌጅ ከማሳደጉ በፊት ያለውን ሕግ ቢያስከብር ኖሮ የኔ ቤት ትንሽ ትንፋሽ ያገኝ ነበር።

የሲያትሉ

ከወዲህ በኩል ሰላምታ። እናንተ ስለ 10 ዶላር ትጨነቃላችሁ። እኛ ጋ በ2025 ሚኒመም ዌጁ 20.76 ነው፣ አስተናጋጅም ወጥ ሠሪም እኩል። በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ቲፕን ከደሞዝ ማካካስ የለም። ሲያትል በ2014 የ15 ዶላሩን ሕግ ስታወጣ ለትንንሽ ቤቶች ቲፕንና ኢንሹራንስን ቆጥረው ዝቅ አድርገው እንዲከፍሉ የአሥር ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥታ ነበር። እሱም በጃንዋሪ 2025 አለቀ።

ታዲያ የሀበሻ ቤት ጠፋ? አልጠፋም። መልኩ ግን ተለወጠ። ካውንተር ላይ አዘህ፣ ቁጥር ይዘህ የምትቀመጥበት ቤት በዛ። ባልና ሚስት፣ እህትና ወንድም ሆነው የሚሠሩት ቤት ቆየ። አሥር አስተናጋጅ በሀበሻ ቀሚስ ያሰለፈው ቤት ነው የከበደው። የበየዓይነቱ ዋጋ ስትሰሙ «ለምን?» ትላላችሁ፣ ሰዉ ግን ይበላል። ጓደኛዬ ሚስቱን ወጥ ቤት፣ እህቱን ካሸር አድርጎ ነው ያለፈው። እህቱ ደሞዝ ተቀበለች አልተቀበለች እሱን አልጠይቅም።

አስተናጋጅ ነኝ

አትጠይቅ፣ እኔ ልንገርህ። አልተቀበለችም 😄

አዲስ ከፋች

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ተቀምጠን አነበብነው። እሷ ከመጀመሪያውም ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር ልቧ። የአራት አስተናጋጁን ነገር ወደ ሁለት አወረድነው። ምሳ በካውንተር፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ በአስተናጋጅ እናደርገዋለን። ሰርቪስ ቻርጅ አንጥልም።

ጋሽ ቨርጂኒያ ያነሱትን ነገር አልጠበቅነውም ነበር። ለቃለ መጠይቅ ያነጋገርናት ወጥ ሠሪ «በሳምንት ከ25 ሰዓት በላይ አልችልም» ስትለን ሌላ ሥራ ያላት መስሎን ነበር። ሁለት ሰው በግማሽ ግማሽ መቅጠር ነው እንዴ የሚያዋጣው? ደግሞስ የሠራተኛ ቁጥራችን 11 ሲሆን 16 መክፈል የምንጀምረው ወዲያው ነው?

ሒሳብ ሠሪው

ሁለት ሰው በግማሽ መቅጠር ይሠራል፣ ግን የግማሽ ቀን ሠራተኛም አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠራል። ስለዚህ አንዷን በሁለት ስትከፍል ወደ 11 ትቀርባለህ። የሞንጎመሪ ካውንቲ የሕመም ፈቃድም አለ። 5 ሠራተኛ ላይ ስትደርስ የምትሰጠው ፈቃድ በሙሉ የሚከፈልበት ይሆናል፣ በየ30 ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ በዓመት እስከ 56 ሰዓት። የሜሪላንድ የቤተሰብ ፈቃድ ታክስ ደግሞ ገፍተው ገፍተው ለጃንዋሪ 2027 አድርገውታል። ሊዝህ ከዚያ ስለሚያልፍ ከአሁኑ በጀትህ ውስጥ አስገባው።

ቁጥሩ መቼ እንደሚቆጠር ለካውንቲው ደውለህ በጽሑፍ መልስ ተቀበል። ወጥ ሠሪዋን ግን ከ25 ሰዓት በላይ ለምን እንደማትችል ቀስ ብለህ ጠይቃት። ምክንያቷ ልጆቿ ከሆኑ የልጆቹን ጣሪያ ንገራት። ምናልባት 40 ትሠራልህ ይሆናል።

ጋሽ ቨርጂኒያ

ሒሳብ ሠሪው፣ ያንን የልጆቹን 205 ከመቶ ለአራት ቤተሰብ በዶላር ስንት እንደሚመጣ ጻፍልኝ። ሌላዋ ሠራተኛዬ ሁለት ልጅና ባል አላት፣ ነገ ላሳያት።

ሒሳብ ሠሪው

ጋሼ፣ የ2025 የድህነት መስመር ለአራት ሰው 32,150 ነው። 205 ከመቶው 65,900 አካባቢ። የወላጆቹ 138 ደግሞ 44,367። የባልየውን ገቢም ደምራ ትምጣ።